እየሰሙ የማይመልሱ ልጆች፦ ከዚሁ ከካልቨር ሲቲ የተገኘ ታሪክ



ባለፈው ወር ልጆቹን እያስረከብን ሳለ አንድ አባት በሩ ላይ አስቁመውኝ፣ "መምህርት፣ ልጄ ዛሬም ካርቶን ሲቆርጥ ነው የዋለው። ፊደሉ መቼ ነው?" አሉኝ። ቅሬታ ያለበት ጥያቄ ነው፤ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፋችሁን ትታችሁ፣ 405 ላይ ተጨናንቃችሁ፣ ከኳስ ልምምዱና ከልደቱ ጋር ታግላችሁ ነው የምታመጧቸው። በሳምንት ያለችን ሁለት ሰዓት ናት። እሷም በካርቶን ካለቀች ማንንም ያናድዳል። በሩ ላይ ቆሜ የሰጠሁት መልስ እኔንም አላጠገበኝም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ላድርሰው ብዬ ነው። ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልለየሁ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከክፍላችን ብዙ ሳይርቅ ነው። በ1971 መስከረም፣ እዚሁ ካልቨር ሲቲ ውስጥ፣ ሊንውድ ሃው በሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 19 የአምስት ዓመት ልጆች መዋዕለ ሕፃናት ገቡ። ቤታቸው የሚነገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። መምህርቷ ግን ከመጀመሪያዋ ጠዋት ጀምሮ የምታናግራቸው በስፓኒሽ ነበር። ጃኬታችሁን ስቀሉ፣ ተሰለፉ፣ መቀሱን አቀብይኝ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ሁሉም በስፓኒሽ። "ስፓኒሽ" የሚባል ክፍለ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ቁጥሩንም መዝሙሩንም ጨዋታውንም በስፓኒሽ ነበር የሚያደርጉት። ማንበብም የጀመሩት በስፓኒሽ ነው፤ የእንግሊዝኛ ንባብ በኋላ ነው የተጨመረላቸው። እንዲህ ዓይነቱን ትምህርት ኢመርሽን ይሉታል፤ መነከር እንደማለት ነው።

ሐሳቡ የተወሰደው ከካናዳ ነው። ሞንትሪያል አጠገብ ሴንት ላምበርት በምትባል ቦታ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆኑ ወላጆች "ልጆቻችን ፈረንሳይኛ ለዓመታት ይማራሉ፣ ግን አይናገሩትም" ብለው ተሰባሰቡና የትምህርት ቦርዱን ወጥረው ይዘው በ1965 አንድ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል አስከፈቱ። ልብ በሉ፣ የጀመሩት ወላጆች ናቸው። ያንን ያዩት የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ፕሮፌሰር ራስል ካምቤል ናቸው ወደ ካልቨር ሲቲ ያመጡት። በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የስፓኒሽ ኢመርሽን ታሪክ የሚጀመረው ከነዚህ ልጆች ነው። ሥራው ዛሬም በኤል ማሪኖ የቋንቋ ትምህርት ቤት ቀጥሏል፤ እዚያ ስፓኒሽና ጃፓንኛ አለ። ከእናንተ መካከል በየቀኑ በደጃፉ የሚያልፍ አይጠፋም።

በነገራችን ላይ "1971" ሲባል አብዛኞቻችሁ ትዝ የሚላችሁ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። በእኛ አቆጣጠር 1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረበት ነው። ከመካከላችሁ እናቱ ወይም አያቱ ማታ ማታ በፋኖስ ፊደል ቆጥረው የምስክር ወረቀት የያዙ ይኖራል። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ በ1980ም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ሁለቱ 1971ዎች አይተዋወቁም። እኔ ግን የመጀመሪያውን ባነበብኩ ቁጥር ሁለተኛው ይመጣብኛል።

ወደ 19ኙ ልጆች ልመለስ። ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታትለዋቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አንድሩ ኮኸን የሚባሉ የቋንቋ ሊቅ በ1974 ጽፈውታል። የምሥራቹ እንግሊዝኛቸው አለመጎዳቱ ነው፤ በሒሳቡም ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ አልቀሩም። "አማርኛ ካበዛንበት በትምህርት ቤቱ ይቸገራል" የሚል ስጋት ያላችሁ ወላጆች፣ ይህ ጥያቄ እዚሁ ሰፈራችን ከሃምሳ ዓመት በፊት ተጠይቆ ተመልሷል።

ሁለተኛው ግኝት ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሱዛን ፕላን የምትባል የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ተማሪ የነዚያን ልጆች ንግግር በጥንቃቄ አዳመጠች። ልጆቹ የሚባሉት ሁሉ ይገባቸዋል። ያነባሉ። ሲናገሩ ግን ወንዴውን በሴቴ፣ አንዱን በብዙ ይቀላቅላሉ፣ ግሱን ያጣምማሉ፤ ከፍ ባሉት ክፍሎችም ስሕተቱ አብሯቸው ይከርማል። እርስ በርስ ስለሚግባቡ ማንም አልቸገረውም። ፕላን የጠየቀችው፣ እነዚህ ልጆች የሚናገሩት ስፓኒሽ ነው ወይስ የክፍላቸው የራሱ ቋንቋ ነው የሚል ነበር።

ካናዳም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ሜሪል ስዌን የተባሉ የቶሮንቶ ተመራማሪ በ1985 ምክንያቱን ሲያስረዱ ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ መስማት ብቻውን አያናግርም። ለምን? ለሰሚ ጥቂት ቃል ይበቃዋላ! "ሂድና ጫማህን አምጣ" ብትሉት ልጁ "ጫማ" የምትለዋን ይዞ፣ ዓይናችሁ ወደየት እንዳየ አይቶ፣ ጫማውን ያመጣል። "አምጣ" ይሁን "አምጪ" ይሁን "ያምጡ" ይሁን ለእሱ ለውጥ የለውም። ራሱ ተናጋሪ ሲሆን ግን ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ያን ጊዜ ነው የጎደለው ነገር ለራሱ የሚታወቀው።

እስቲ ቤታችሁን አስቡ። በአማርኛ ትጠይቃላችሁ፣ በእንግሊዝኛ ይመልስላችኋል። እናንተም "ይሰማል እኮ፣ መናገሩን ነው የማይፈልገው" ትላላችሁ። እኔም ስለ ራሴ ልጅ ስል ኖሬያለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከአገር ቤት ስልክ ይደወላል፣ አያት መስመሩ ላይ ናቸው፣ ልጁ እንደ ምንም ብሎ "አያቴ፣ ደህና ነህ?" ይላል፤ ለሴት አያቱ። ቤቱ በሳቅ ይፈነዳል። ሳቁ የፍቅር ነው። ልጁ ግን ፍቅሩን አይደለም የሚሰማው፤ ስልኩን ያቀብላችሁና ወደ ክፍሉ ይሄዳል። በሚቀጥለው ስልክ "ሃይ" ብቻ ይላል። አምስት ስድስት ዓመት እንዲህ ካለፈ አያትና የልጅ ልጅ ተያይተው ፈገግ ከማለት ውጭ የሚያደርጉት የለም። እዚህ ክፍል ውስጥ የምንፈራው ይህንን ነው እንጂ ልጁ "ጰ"ን ከ"ጸ" መለየቱ አይደለም።

ታዲያ የማይናገር ልጅ እንዴት ነው እንዲናገር የሚደረገው? "ተናገር" ማለት አይሠራም። ሁላችንም ሞክረነዋል።

የአገራችን የቅኔ ቤት ይህን ጥያቄ የመለሰበት መንገድ ይገርመኛል። ግዕዝ ማንም እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ የማይማረው ቋንቋ ከሆነ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። በንባብ ቤት ተማሪው ፊደሉን፣ አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ ዳዊቱን ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ትርጉሙን ሳያውቅ በቃሉ ይይዘዋል። ስለ አገር ቤት ትምህርት ስናስብ ብዙዎቻችን የምናስበው እዚህ ጋ ያለውን ነው፤ ጭራሮ ይዞ ፊደል መጠቆም፣ አለንጋ፣ ጩኸት። ዋድላ፣ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ቅኔ ቤት የገባው ተማሪ ግን ሌላ ዓይነት ሕይወት ይጠብቀዋል። ሰዋስውን ይማራል፣ ከዚያ ደግሞ ራሱ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና፣ ቀስ እያለ ረዘም ያለው። ቀን በየጥሻው ዞር ዞር እያለ ያወጣውን ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርሙታል፣ ያቃኑታል። የትላንቱን መድገም ነውር ነው። በየቀኑ በዚያ ቋንቋ አዲስ ነገር ሠርቶ ሰሚ ፊት ማቅረብ አለበት። ማንም በቤቱ የማይናገረው ቋንቋ እስከ ዛሬ የሚቀኙበት ሰዎች ያሉት በዚህ ይመስለኛል። ተማሪው ጎጆውንም ራሱ ነው የሚሠራው፣ ቀለቡንም ራሱ ነው ለምኖ የሚያመጣው፤ እሱን ለአምስት ዓመት ልጆቻችን አልመክርም!

በምዕራቡ ዓለም ለሕፃናት ይህንን መንገድ በስፋት ያሳወቁት ጆን ዱዊ ናቸው። በ1896 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ የሙከራ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ልጆቹ ያበስሉ ነበር፣ እንጨት ይሠሩ ነበር፣ ይሸምኑ ነበር። ዱዊ በጻፉት ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ለልጆቹ ያልተፈለቀቀ ጥጥና የበግ ሱፍ ሰጧቸው። አንድ ቡድን ጥጡን ከፍሬው ለመለየት 30 ደቂቃ ሙሉ ሲታገል ቆይቶ ያወጣው ከአንድ አውንስ በታች፣ ማለትም 28 ግራም የማይሞላ ነበር። ከዚያ በኋላ የጥጥ ልብስ ከሱፍ ልብስ ዘግይቶ ለምን እንደተስፋፋ መምህሩ ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ጣታቸው ነግሯቸዋል። ይህንን ሳነብ አያቴ መጡብኝ። ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ በእንዝርት ሲፈትሉ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስንት ቃል እንደተማርኩ ማንም ቆጥሮት አያውቅም። "ልቃቂት" የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘሁት፤ ተንከባሎ አልጋ ሥር ገብቶብን ስንፈልገው ነው።

ዊልያም ኪልፓትሪክ የሚባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1918 ስለዚህ አሠራር ጽፈው "የፕሮጀክት ዘዴ" የሚለውን ስም አስፋፉት። በ1989 ደግሞ ሊሊያን ካትዝና ሲልቪያ ቻርድ ለትንንሽ ልጆች እንዲስማማ አድርገው ጻፉት፦ መጀመሪያ ልጆቹ ስለ ነገሩ የሚያውቁትን ይናገራሉ፣ ከዚያ ወጥተው ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይሠራሉ፣ በመጨረሻ የሠሩትን ለሰው ያሳያሉ። እኛም የያዝነው ይህንኑ ነው።

አሁን ስለ ካርቶኑ ልንገራችሁ፤ ከውድቀታችን ልጀምር። ባለፈው ዓመት ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉት ልጆች ሱቅ እንሥራ አሉ። ካርቶን ሰበሰብን፣ መደርደሪያ ሠራን፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስርና ቡና በትንንሽ ከረጢት ሞላን። በጣም ደስ የሚል ሱቅ ወጣው። ፎቶውን ስንልክላችሁ ብዙ ልብ ላካችሁልን። እውነቱን ልንገራችሁ? ገበያው በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበር። "ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ሃው ማች ኢዝ ዘ ሽሮ?" ብቻ! ስድስት ቅዳሜ ሠርተን ልጆቹ የጨመሩት ቃል አሥር አይሞላም። ፕሮጀክት በራሱ ቋንቋ አያስተምርም፤ ልጆች የሚቀላቸውን ነው የሚናገሩት፣ እኛም ብንሆን። በዚያ ዓመት አንድ ወላጅ "ይሄ ጨዋታ ነው" ቢለኝ ኖሮ መልስ አልነበረኝም።

የተለወጠው አንዲት የተማሪያችን አያት ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ ጊዜ ነው። እንግሊዝኛ አይችሉም። ልጅቷን ሊወስዱ መጥተው ወንበር ላይ ቁጭ አሉና ሱቁን አይተው "እኔም ልግዛ እንጂ" አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ባለሱቁ የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ወደ እኔ አየ፣ ወደ ጓደኞቹ አየ፣ የሚያድነው አጣ። ከዚያ "ምን... ትፈልጋለህ?" አላቸው። እሳቸው አልሳቁም። "'ምን ይፈልጋሉ እማማ' በለኝ፣ የኔ ጌታ" አሉት። "ምን ይፈልጋሉ እማማ?" "ሽሮ ነው የምፈልገው። ስንት ነው?" "አምስት ብር።" "ውይ ተወደደ! ቀንስልኝ።" ልጁ "ቀንስልኝ" የሚለውን ቃል ሰምቶ አያውቅም፤ ግን አያቲቱ ከረጢቱን መልሰው ሲያስቀምጡ ገባው። "እሺ፣ ሦስት ብር።" ሌሎቹ ልጆች ተሰለፉ፤ ሁሉም ለእማማ ሊሸጥ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እርስ በርሳቸው "ቀንስልኝ"፣ "አልቀንስም" ሲባባሉ ዋሉ። በኳስ ላይ ሳይቀር።

ለካ የጎደለው ካርቶን አልነበረም። አማርኛ ካልሆነ በቀር ነገሩ የማይሳካበት ሰው ነው የጎደለው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ሥራ ስናቅድ መጀመሪያ የምንጠይቀው "ይህንን የሚሠሩት ለማን ነው?" የሚለውን ነው። አያቶች ደንበኛ ይሆናሉ፣ ሐኪም ቤት ስንሠራ በሽተኛ ይሆናሉ፣ ደብዳቤ ስንጽፍ ተቀባይ ይሆናሉ። ልጆቹ አሁንም ይሳሳታሉ፤ ግን ስሕተቱን የሚያርመው ሽሮውን የሚፈልገው ሰው ነው እንጂ ቀይ እስክሪብቶ አይደለም።

ፊደሉስ? ፊደሉ አልቀረም። በየቅዳሜው የመጀመሪያዋ 20 ደቂቃ ሀ ሁ ናት፤ በዜማ፣ እንደ ጥንቱ። 33ቱ ከነሰባት ቤታቸው 231 ናቸው፤ ካልደጋገሙት አይያዝም፣ በዚህ ከአያቶቻችን ጋር ጠብ የለኝም። ግን ያ አባት የጠየቁኝ ቀን ልጃቸው ካርቶን የቆረጠው የሱቁን ማስታወቂያ ሊጽፍ ነበር። "ሱክ" ብሎ ጻፈ። አጠገቡ ያለችው ልጅ "ሱክ አይደለም፣ ሱቅ!" አለችው። ተጨቃጨቁ፤ ጉሮሯቸውን እየያዙ "ክ... ቅ... ክ... ቅ" ሲሉ አምስት ደቂቃ ያህል ቆዩ። በመጨረሻ ሠንጠረዡ ላይ ሄዶ "ቅ"ን ፈልጎ አገኛትና አዲስ ካርቶን ጠየቀ። እኔ ያንን ልዩነት በሦስት ቅዳሜ ላስተምረው አልቻልኩም ነበር። በሩ ላይ ልነግርዎት የሚገባኝ ይህንን ነበር፣ ይቅርታ።

በዚህ ወር የምንወጣው ወደ ፌርፋክስ ነው። በኦሊምፒክና በፒኮ መካከል ያለችው ያቺ መንገድ በ2002 ከሎስ አንጀለስ ከተማ "ሊትል ኢትዮጵያ" የሚለውን ስም በይፋ ያገኘችው ነጋዴዎቻችን ለዓመታት ሠርተው ነው። ልጆቹ የሚያውቋት በእንጀራ ነው፤ እኛ በፊደል እንዲያውቋት እንፈልጋለን። እያንዳንዱ ልጅ የስሙን ፊደላት ይዞ ይሄዳል፤ ከየበሩና ከየመስኮቱ ላይ እየፈለገ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ አንድ ሱቅ ገብቶ አንድ ነገር ራሱ ጠይቆ ይገዛል። ባለሱቆቹን አስቀድመን ለምነናቸዋል፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ከጠየቁ እንዳልሰማችሁ ሁኑልን ብለን። አብራችሁ የምትመጡ ወላጆችም እባካችሁ አትተርጉሙላቸው። አውቃለሁ፣ ከባድ ነው። ልጃችሁ ቆሞ ሲንተባተብ ማየት አንጀት ይበላል። እስከ ሃያ ቁጠሩ፤ ብዙውን ጊዜ ከሃያው በፊት አንድ ነገር ይወጣል። የሚወጣው "ዳቦ ስጠኝ" ቢሆንም፣ የሚባለው "ይስጡኝ" ቢሆንም፣ መሳቁን ለቤት እናቆየው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ወር የጥጥ ነው፤ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ገምታችኋል። ያልተፈለቀቀ ጥጥ አግኝተናል። የሌለን መሣሪያው ነው። እቤታችሁ፣ ወይም ከአገር ቤት በመጣ ሻንጣ ውስጥ፣ እንዝርት ያላችሁ ብታውሱን በጥንቃቄ እንመልሳለን። ደጋን ካለም እሰየው። ከሁሉ በላይ ግን መፍተል የሚችሉ እናት ወይም አያት ካሉ ለሦስት ቅዳሜ ይስጡን፤ መመላለሻውን እኛ እንችላለን፣ ቡናም አለ። እንግሊዝኛ ባይችሉ ይመረጣል።